አሰላ ላይ የተናገረው ንጉሥ

ባለፈው ሳምንት ጡረታዬን ለመቀበል አሰላ ባንክ ቤት ወረፋ ይዤ ሳለ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ አጠገቡ ላለ ጎረምሳ አንድ ነገር ያጫውተዋል። ጎረምሳው ስልኩን እየነካካ “እሺ አባባ” ይላል። እኔም ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። ሽማግሌው ድንገት ድምፁን ወፈር አደረገና፣ “በሩን ክፈቱት። እነዚህ ሰዎች የመጡት እኔን ፈልገው ነው። እኔን ይውሰዱኝ፤ እናንተ እሳታችሁን አንድዱ፣ ልጆቻችሁን አብሉ” አለ። ቀጥሎም፣ “ይህን ያለው የጥንት ንጉሥ ነው። በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ” ብሎ ጨመረበት። ይህን የተናገረ ንጉሥ በዓለም ላይ ኖሮ አያውቅም። የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ የሃያ ሦስት ዓመት አስተማሪ ሳለሁ፣ ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ፣ በርጩማ ላይ ቆሜ። ስሜን እስኪጠሩኝ ድረስ እዚያው ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ስድሳ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ሄድኩ። ስጠራም አልሰማሁም አሉ።

ያኔ አሰላ እንዲህ አልነበረችም። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ጉም ጠዋት ጠዋት ዋናውን መንገድ ይዞት ይቆይና የጋሪው ቃጭል ቀድሞ ይሰማል እንጂ ፈረሱ አይታይም። ከናዝሬት የሚመጣው አውቶቡስ በኢተያ በኩል ዳገቱን እያቃሰተ ሲደርስ፣ የሚጠብቀው እንግዳ የሌለው ሰው ሳይቀር ሄዶ ይቆማል። ሻይ አሥር ሳንቲም ነበር፤ ስኳር የተነሰነሰበት ትልቅ ቦምቦሊኖ አምስት ሳንቲም። ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበሩት የዘፈን ሸክላዎች ሁለት ብቻ ስለሆኑ፣ የአንዲት ልጅ አንገት የሚወደስበትን ዘፈን ከተማው በሙሉ፣ ቄሱም ሼኩም ሳይቀሩ፣ በቃላቸው ያውቁት ነበር። ከደመወዜ ቆጥቤ አንድ ግራጫ ኮት አሰፍቻለሁ። እጅጌው ትንሽ አጥሮብኝ ስለነበር ስናገር ክንዴን ብዙ አላነሳም፤ ሰው ግን ይህንን ከጨዋነት ይቆጥርልኝ ነበር። የዛሬ ልጆች ኮት በአምስት ደቂቃ ገዝተው ሲለብሱ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ግን ያንን የመጀመሪያ ልኬት፣ ያንን የመጨረሻ ልኬት፣ “ነገ ና” የሚለውን የልብስ ሰፊውን ውሸት አያውቁትም።

ፊልም የሚመጣው በወር አንዴ ነው፤ ዝናቡ ከበረታና መንገዱ ከጨቀየ በሁለት ወርም አንዴ ይሆናል። ጋሼ ግርማ የሚባል የማሽኑ ሠራተኛ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ይዞት ይመጣል። የሚታየው በገበያ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ከገጠር የመጣው ሰው ሳይመሽበት ቤቱ መግባት አለበትና። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ይሸፈናሉ። አግዳሚው ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ባለ መደገፊያው ወንበር ሃምሳ። ፊልሙ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። አስተርጓሚው ከሸራው ጎን በርጩማ ላይ ይቆምና የቆርቆሮ መናገሪያ አፉ ላይ አድርጎ፣ ሸራው ላይ ያለው ሰው የሚለውን መጀመሪያ በአማርኛ፣ ወዲያው ደግሞ በኦሮምኛ ያወርደዋል። ከእኔ በፊት ይህን የሚሠራው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር፣ ሁለቱን ቋንቋ የሚችል ሰው ተፈለገና እኔ ተገኘሁ። የሲሬ ልጅ ነኝ፤ ኦሮምኛው የእናቴ ነው፣ አማርኛው የትምህርት ቤት። “እንግሊዝኛስ?” ሲሉኝ ዓይኔን በጨው ታጥቤ “እንዴታ” አልኩ። የምችለው ልጆቹን የማስተምረውን ያህል ብቻ ነበር፤ የማስተምረው ደግሞ ሦስተኛ ክፍል ነው።

ጦር የሚማዘዙበትና ሰው የሚሳደድበት ፊልም ከሆነ አስተርጓሚ ብዙ አይቸገርም። “ቁም” ሲል ይታወቃል፤ “ተኩስ” ሲልም ይታወቃል። “የተከበበችው ከተማ” የሚባለው ፊልም ግን ሌላ ነበር። የጥንት ታሪክ ነው፤ ጠላት አንዲትን ከተማ ከቧት ውሃ ቆርጦባታል፣ ሕዝቡ ግንብ ላይ ቆሞ ያለቅሳል፣ ሜዳው ፈረስ በፈረስ ነው። እንዲያ ያለ ፈረስ አይተን አናውቅም፤ የፈረስ አገር ሰዎች ሆነን ሳለ። በመጨረሻ ንጉሡ ወደ ከተማዋ በር ይመጣና ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ ረጅም ንግግር ይጀምራል። እኔ ከዚያ ሁሉ የያዝኩት ሦስት ቃል ነው፤ ውሃ፣ ወርቅ፣ ወንድም። ሁሉም ከሸራው ዞሮ እኔን ማየት ጀመረ።

ያን ጊዜ ነው አባቴ ትዝ ያለኝ። ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ከብት ተሰረቀና አውጫጭኝ ተጠራ። ሌባው እስኪወጣ ድረስ ሰፈሩ በሙሉ አንድ በረት ውስጥ ተዘግቶበት፣ ማንም ቤቱ ገብቶ እሳት ሳያነድ፣ ሕፃን ሳያበላ ሁለት ቀን ሆነው። በሦስተኛው ቀን አባቴ ተነሳና፣ “እኔን ውሰዱኝ፤ እነዚህ እሳታቸውን ያንድዱ፣ ልጆቻቸውን ያብሉ” አለ። አባቴ የሰው ዶሮ ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው። ታስሮ ከርሞ ተመለሰ፤ ነገሩንም ዳግመኛ አላነሳውም፤ እኛም አላነሳንበትም። እና ያን ቀን፣ መናገሪያውን አፌ ላይ አድርጌ፣ የአባቴን ቃል ለንጉሡ ሰጠሁት። በአማርኛ ጀመርኩት፤ በኦሮምኛ ስደግመው ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ወንዶች በጋቢያቸው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልነግራችሁ ያቅተኛል፤ ከተማው አበደ ብል ይቀለኛል። ፊልሙ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ይደገም ተባለ፤ ከዚያም በየገበያው ቀን ተደገመ፤ ጋሼ ግርማም ፊልሙን ሳይመልስ ከረመ። ከኦጎልቾ በጋሪ ተጭነው የመጡ ነበሩ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጭ እየሳለ “በሩን ክፈቱት” ይላል። የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ በእረፍት ሰዓት ግማሹ ከተማ፣ ግማሹ ጠላት ይሆናል፤ ንጉሥ ለመሆን ግን ይደባደባሉ። የዚህ ሁሉ ዋና መሥሪያ ቤት የሐጂ ከማል ሱቅ ነበረ። ሐጂ ከደቡብ መጥተው አሰላ ላይ የከበሩ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ አቡጀዴና ካኪ እየለኩ ስለ ፊልሙ ካላወሩ ሜትሩ የሚያጥርባቸው ይመስላቸዋል። ከእሳቸው ጋር ሁልጊዜ ሁለት ሰዎች አይጠፉም። አንዷ ሲስተር አልማዝ ናት፤ ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች የሆስፒታል ነርስ፣ ነጭ ጫማዋን ከአሰላ ጭቃ እንዴት እንደምታስጥለው እስከ ዛሬ የማይገባኝ። ሌላው ኦቦ ቱሴ ናቸው፤ በመሬት ክርክር ከጮሌ መጥተው፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ እየተጨመረባቸው ዘጠኝ ወር አሰላ የከረሙ ባለ ፈረስ ሰው። የንጉሡ ጥቁር ፈረስ የፊት ግራ እግሩን እንደሚያነክስ ያስተዋሉ እሳቸው ብቻ ናቸው።

አንድ ቀን አውቶቡሱ ሁለት ጋዜጣ ይዞ መጣ፤ በሁለቱም ላይ ስለ ፊልማችን ተጽፏል። ሱቁ ጢም አለ። ሲስተር አልማዝ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ የመጀመሪያውን አነበበች። ጸሐፊው ፈረሱን፣ አቧራውን፣ አልባሳቱን፣ የሠራዊቱን ብዛት አድንቆ፣ ያላየው ሰው ብዙ ነገር እንደሚቀርበት ይናገራል። ሐጂ ከማል “ይኼ ሰው ዕድሜ ይስጠው” አሉና ሻይ ታዘዘ። ሁለተኛውን ቀጠለች። ይኼኛውም ፈረሱን አልነቀፈም፤ ታሪኩን ግን ሳሳ ያለ ነው አለው። ንጉሡን ደግሞ ፈሪ ነው አለው። በር ላይ ቆሞ የራሱን ነፍስ በወርቅ ለመግዛት ሲከራከር የሚያሳየው ረጅም ንግግር ተመልካቹን ያሰለቻል ብሎ ጻፈ። አልማዝ ወረቀቱን ዝቅ አደረገችው። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር። ለካ ንጉሡ ወርቅ ያለው ለዚህ ነው።

“ማነው ፈሪ?” አሉ ኦቦ ቱሴ።

“ንጉሡ” አለች አልማዝ።

“የኛ ንጉሥ? ዱጋ ነው እንዲህ የሚለው?”

“አዎ፣ እውነት ነው፤ እዚህ ጋ ተጽፏል።”

ሐጂ ከማል መነጽራቸውን አውልቀው በሽርጣቸው ጠረጉ። “ይኼ ሰው ፊልሙን አላየውም። አይቶት ከሆነም ተኝቶ ነው ያየው።”

“ይግባኝ ነው የሚባለው” አሉ ኦቦ ቱሴ። ዘጠኝ ወር ፍርድ ቤት በር ላይ የከረመ ሰው ሌላ መድኃኒት አያውቅም።

“በጋዜጣ ላይ ይግባኝ ይባላል እንዴ ኦቦ ቱሴ?” ብትል አልማዝ፣ “ፈርዶ የለም ወይ?” አሏት። “የፈረደ ሰው ይግባኝ ይባልበታል።”

ነገሩ እንደ ቀልድ ተጀምሮ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሕግ ሆነ። ጽሕፈቴ ያምራል ተብሎ ብዕሩ እጄ ላይ ተቀመጠ። አስቡት እንግዲህ፤ “ይግባኝ ባዮች፦ በአሰላ ከተማ የሚኖሩ የፊልም ወዳጆች፤ መልስ ሰጪ፦ ጋዜጣው ላይ የጻፈው ሰው” ብዬ ጀመርኩ። የንጉሡ ንግግር ሙሉ ቃሉ በማስረጃነት ይግባ አሉ፤ አስገባሁት። ራሴ የፈጠርኩትን፣ በራሴ እጅ፣ ተማሪዎቼ ፊት በማላሳየው ጥንቃቄ ገለበጥኩት። ከዚያ ምስክሮች ተቆጠሩ፤ ንጉሡ ይህን ሲናገር በጆሯችን ሰምተናል የሚሉ። የቻለ ፈረመ፤ ያልቻለ በአውራ ጣቱ አተመ። አልማዝ ከምስክሮቹ ሁሉ ቀድማ ፈረመች። ነርስ ናትና ትምህርቷን የተማረችው በእንግሊዝኛ ነው፤ ይህን ያሰብኩት ግን ፊርማዋ ላይ ቀለሙ ሲደርቅ ነው። ቀና ብዬ ባያት ጋዜጣውን እያጠፈች ነበር።

ደብዳቤውን ፖስታ ቤት እወስደዋለሁ ብዬ ሁለት ቀን በኮቴ ኪስ ይዤው ዞርኩ። ፈራሁ። ጸሐፊው መልስ ከሰጠ ጉዴ ይፈላል። በቀን ልጆችን ውሸት ነውር ነው እያልኩ የማስተምር ሰው፣ ከተማን በሙሉ ዋሽቼ አስለቅሻለሁ፤ አሁን ደግሞ በሐሰት አስመስክሬአለሁ። ከሥራ መባረሩ እንኳ አልከበደኝም። የከበደኝ እነዚያ በጋቢያቸው ዕንባቸውን የጠረጉት ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ እንዴት እንደሚያዩኝ ነው። በሦስተኛው ቀን ሐጂ ከማል “አድራሻው ልክ መሆኑን ልየው” ብለው ከእጄ ተቀበሉኝና ለአውቶቡስ ሹፌሩ ሰጡት።

መልሱ በሁለት ሳምንት ጋዜጣው ላይ ወጣ። ሰውየው በጨዋ አማርኛ፣ ፊልሙን ሁለት ጊዜ እንዳየው፣ ይግባኝ ባዮች የጠቀሱትን ንግግር ግን ፈጽሞ እንዳልሰማ ገልጾ፣ ነገሩ ስለገረመው በሚቀጥለው የገበያ ቀን በቦታው ተገኝቶ ሊያይ እንደሚመጣ ጻፈ። እኔ ጋዜጣውን ልደብቀው ቃጣኝ። ከተማው ግን ጨፈረ። ኦቦ ቱሴ ለማንም ፋታ ሳይሰጡ፣ “አላልኩም? ለአዲስ አበባ ቆርጠው ነው ያሳዩት። ሙሉው እኛ ጋ ነው ያለው” አሉ። ይህ በአንድ ጊዜ የሁሉም እምነት ሆነ። ለዋና ከተማው የተጎመደው፣ ለአሰላ ሙሉው። ስንት ነገር ሲጎድልብን ለኖርን ሰዎች ይህ ምን ያህል እንደጣፈጠ የዛሬ ልጅ አይገባውም። ለአንድ ሳምንት ከአውቶቡስ የሚወርደውን እንግዳ ሁሉ፣ የተጎመደውን ፊልም ያየ ምስኪን ነው ብለን ስናዝንለት ሰነበትን።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ እስከ በሩ ሞልቶ፣ ውጪ የቀሩት መስኮት ላይ ያለውን ብርድ ልብስ እየገለጡ ከዘበኛ ጋር ይጣሉ ነበር። የጋዜጣው ሰው መጣ። ገዘፍ ያለ ሽማግሌ ነገር ጠብቄ ነበር፤ ቀጭን፣ ጥቁር ካፖርት የለበሰ፣ ብርዱ ያንዘፈዘፈው ሰው ሆኖ አገኘሁት። ባለ መደገፊያው ወንበር ላይ፣ ከፊት፣ በሐጂ ከማልና በአልማዝ መሐል አስቀመጡት። ጉልበቱ ላይ ማስታወሻ ደብተር ዘረጋ። በርጩማዬ ላይ ወጣሁ። ፈረሶቹ ሲመጡ እንደ ወትሮው አብረን ጮኽን፤ ኦቦ ቱሴም “ያውላችሁ፣ ግራ እግሩ” አሉ። የውሃው ልቅሶም አለፈ። ንጉሡ ወደ በሩ መጣ፣ ፊቱን አዞረ፣ አፉን ከፈተ።

እኔ ግን አልቻልኩም። መናገሪያው ከንፈሬ ላይ ነው፤ ሰውየው ቀና ብሎ ያየኛል፤ አፌ ተሳሰረ። እውነተኛውን ልናገር ብል አላውቀውም። የኔን ልናገር ብል የሚያውቅ ሰው ከፊቴ ተቀምጧል። የፊልሙ ማሽን ብቻ ሲያጉረመርም ይሰማል። ያኔ ከኋላ፣ ከአግዳሚው በኩል፣ አንድ ሰው በኦሮምኛ ጀመረ፤ “በሩን ክፈቱት።” ሌላው በአማርኛ ተቀበለው። ከዚያ ማን የት እንደተቀመጠ አይለይም። ሁለቱም ቋንቋ አንድ ላይ፣ ሴቱም ወንዱም፣ ባንኮኒ የሚጠርገውም ዳኛውም፣ ቃል ሳይጎድል፣ “እኔን ይውሰዱኝ፤ እናንተ እሳታችሁን አንድዱ፣ ልጆቻችሁን አብሉ።” አባቴ በዚያ በረት ውስጥ ብቻውን ነበር የተናገረው። አሁን አዳራሽ ሙሉ ሰው አብሮት ተናገረ። መናገሪያውን ይዤ አለቀስኩ። የጋዜጣው ሰው ሸራውን ትቶ፣ ወንበሩን አዙሮ፣ ሕዝቡን ያይ ነበር።

መብራቱ ሲበራ ከበቡት። “እህስ?” አሉት ኦቦ ቱሴ። “ይግባኙ ምን ተባለ?” ሰውየው ደብተሩን ከደነ፤ ምንም አልጻፈበትም ነበር። አንድ ጊዜ እኔን አየ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረና፣ “የጻፍኩትን አልለውጥም” አለ። “አዲስ አበባ ያየሁት ፊልም ያው ያልኩት ነው፤ ፈረሱ ጥሩ፣ ንጉሡ ፈሪ። የዛሬውን ግን ገና አልጻፍኩበትም።” ከዚያ ወዲያ የሆነውን ጩኸት አሰላ በሠርግም አላየችው። ቆርጠው እንዳሳዩት በራሱ አፍ አመነ ተባለ። አልማዝ ነበረች ወደ አውቶቡሱ የሸኘችው፤ ምን እንደተነጋገሩ አልነገረችኝም። በዓመቱ ወደ ድሬዳዋ ተዛወረች፤ እኔም ሳልጠይቃት ቀረሁ። ይኼ አሁንም ይቆጨኛል።

እኔ ግን ነጻ የወጣሁ አልመሰለኝም። ያ ሰው የሸፈነልኝን ይዤ መኖር ከበደኝ። በማግሥቱ ጠዋት ኮቴን ቆልፌ ወደ ሐጂ ከማል ሱቅ ሄድኩ። ብቻቸውን ካኪ ይለካሉ። “ሐጂ፣ የምነግርዎት ነገር አለ” አልኳቸው። “ያ ንግግር፣ የንጉሡ ንግግር፣ እኔ ነኝ...”

“ያን ጫፍ ያዝልኝ” አሉኝ። ጨርቁን ያዝኩላቸው።

“ሐጂ፣ ያኛው ንጉሥ እውነትም ፈሪ ነው። ጋዜጣው ልክ ነው።”

“ያኛውን እኔ አላውቀውም” አሉ፣ ሜትሩን ሳያነሱ። “እኔ የማውቀው የኛን ነው። እሱን ፈሪ አለብኝ፤ ደብዳቤ አስጻፍኩበት። አለቀ።”

“ታዲያ ያውቁ ነበር?”

ጨርቁን በመቀስ ነክሰው ጀመሩትና በእጃቸው ቀደዱት፤ አጠፉት፤ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ነው ከመነጽራቸው በላይ ያዩኝ።

“መምህር፣ እኛ እንግሊዝኛ አንችልም እንጂ ዓይን እኮ አለን። ለወደፊቱ ትንሽ አሳጥረው፤ ንጉሡ አፉን ከዘጋ በኋላ አንተ ገና ግማሽ ላይ ነህ።”